ስለ ቴሌስኮፕ ፎከስና ከዋክብትን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመድ ለልጆች ያመጣው፤ ወይም አባት «ለትምህርት ይረዳል» ብሎ የገዛው ትንሽ ቴሌስኮፕ ዛሬ በአንዳንድ ቤት ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ ሰቡ ሁሉ ማታ ማታ በግቢ ተሰብስቦ ጨረቃን በየተራ ይመለከታል። በሁለተኛው ሳምንት ከልጆቹ አንዱ ካሜራውን በቴሌስኮፑ ጀርባ ገጥሞ ያየውን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ይሞክራል። በሦስተኛው ሳምንት ግን መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ስለ ምን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «በዓይን ስናየው ያማረ ነበረ፤ ፎቶግራፉ ግን ደበዘዘ» የሚል ነው። መሣሪያው ርካሽ ስለ ሆነ ነው የሚሉም አይጠፉም። እኛ ግን እንደሚመስለን ከእንዲህ ያሉት ፎቶግራፎች የሚበዙት የተበላሹት በመሣሪያው ርካሽነት ሳይሆን ፎከሱ በትክክል ባለመገኘቱ ነው። ይህም ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊማረው የሚችል ጥበብ ስለ ሆነ፤ ለክቡራን አንባብያን በሰፊው ልናስረዳ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፎከስ የሚባለው የብርሃን መሰብሰቢያ ስፍራ ነው። ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን በቴሌስኮፑ ሌንስ ውስጥ ባለፈ ጊዜ፤ ወይም በጎድጓዳው መስተዋት ላይ ነጥሮ በተመለሰ ጊዜ፤ ጨረሩ ሁሉ እየተጠጋጋ ሄዶ በአንድ ነጥብ ይገናኛል፤ ከዚያ ካለፈ በኋላ ደግሞ እንደ ገና እየተበተነ ይሄዳል። የስንዴ ነዶ በወገቡ በታሰረ ጊዜ አገዳው በማሰሪያው ላይ ተጨብጦ ከበላይና ከበታች እንደሚበተን፤ የኮከብም ብርሃን እንደዚሁ ነው። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ልክ በማሰሪያው ላይ ከተቀመጠ ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ይታተማል፤ ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ጥቂት ከራቀ ግን ነጥቡ ሰፍቶ እንደ ትንሽ ሳንቲም ይሆናል።

አሁን ሰውን ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ማሰሪያ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ነው። ከሌንሱ ወይም ከመስተዋቱ እስከ ፎከሱ ያለው ርዝመት 1000 ሚሊሜትር፤ የአፉም ስፋት 200 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ እንውሰድ። ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል 5 ይሆናል። በእንዲህ ያለው መሣሪያ ውስጥ ኮከብ ነጥብ መስሎ የሚቆይበት ስፍራ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ እምብዛም አይበልጥም፤ ይኸውም ከተራ መጻፊያ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል ማለት ነው። በክፍያው የተገኘው ቁጥር 5 መሆኑ ቀርቶ 10 ቢሆን ውፍረቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ስፍራው የሚሰፋው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ አጭርና አፈ ሰፊ የሆነው ቴሌስኮፕ ብርሃንን በብዛት ቢሰበስብም በፎከስ ነገር ምሕረት የለውም፤ ረጅሙና አፈ ጠባቡ ግን ታጋሽ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢው እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ በአንድ ታላቅ ነገር ላይ ይገባናልና።

ፎከስ ሲሳት የሚጠፋው የመልክ ውበት ብቻ አይደለም። የኮከቡ ነጥብ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስፍራ ላይ ይበተናል፤ ስለዚህም ብሩሆቹ ከዋክብት ቢደበዝዙም ይታያሉ፤ ደካሞቹ ግን ከሰማዩ ጥቁረት ጋራ ተቀላቅለው ፈጽመው ይጠፋሉ። ቬጋ ከምትባለው ኮከብ የሚመጣው ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 25 ዓመት ያህል ይጓዛል። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣውን እንግዳ በደጃፍ ላይ በግማሽ ወረቀት ውፍረት ስሕተት ማሰናከል ያሳዝናል።

ታዲያ በዓይን የታየው ያማረ ከሆነ ፎቶግራፉ ስለ ምን ይደበዝዛል? የሰው ዓይን ሕያው ስለ ሆነ ነው። በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ሳናውቀው እየተለጠጠና እየተጨበጠ የተሳሳተውን ፎከስ ያቃናልናል፤ ይህም ኃይል በልጅ ዓይን ብርቱ ሲሆን በሽማግሌ ዓይን ደካማ ነው። ልጅ «ጠርቷል» ብሎ የተወውን ቴሌስኮፕ አያት ቀርበው «ደብዝዟል» የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የካሜራ ሰሌዳ ግን ሕይወት የለውም፤ የተሰጠውን ብቻ ይቀበላል። ደግሞም ካሜራው የሚቀመጥበት ስፍራ ዓይን ከሚያርፍበት ስፍራ ይለያል።

ቀለምም ሌላ ምክንያት ነው። በ1850 ዓ.ም. ጁላይ 17 ቀን በአሜሪካ በሃርቫርድ የሰማይ መመልከቻ ዊሊያም ቦንድና ፎቶግራፍ አንሺው ጆን ዊፕል ያችኑ ቬጋን 38 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ፎቶግራፍ አነሡአት፤ ከፀሐይ በቀር በፎቶግራፍ የታተመች የመጀመሪያዪቱ ኮከብ እርሷ ናት። በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ ሰሌዳ የሚቀበለው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ብርሃን ሲሆን፤ ዓይን ደግሞ ይበልጥ የሚያየው ቢጫውንና አረንጓዴውን ነው። ሌንስ ቀለሞቹን ሁሉ በአንድ ስፍራ ስለማይሰበስብ፤ ለዓይን የጠራው ፎከስ ለሰሌዳው የተሳሳተ ሆነ። ሉዊስ ራዘርፈርድ የተባለው አሜሪካዊ በዚህ ነገር እጅግ ከደከመ በኋላ፤ በ1864 ዓ.ም. ለዓይን ምንም የማይረባ፤ ለፎቶግራፍ ሰሌዳ ብቻ የተስተካከለ ሌንስ ሠራ። የመስተዋት ቴሌስኮፕ ቀለምን ስለማይለይ ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ባለ ሌንስ መሣሪያ ያለው ሰው ግን በካሜራው ፊት ባለ ቀለም መስተዋት በለወጠ ቁጥር ፎከሱን እንደ ገና ማየት ይገባዋል። ከዚህም የምንማረው ፎከስን መፈተን የሚገባው ፎቶግራፉን በሚያነሣው በራሱ ካሜራ መሆኑን ነው፤ በሌላ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የጨዋታና የትርፍ ጊዜ ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፤ የፎከስ መለወጥ የዓለምን ሊቃውንት ምን ያህል እንዳስጨነቀ የሚያስረዳውን የሶብራልን ታሪክ እንነግረዋለን።

አልበርት አይንሽታይን በ1915 ዓ.ም. ባወጣው ትምህርት፤ ከሩቅ ኮከብ የሚመጣ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ከመንገዱ ጥቂት ይታጠፋል ብሎ ነበር። መጠኑንም አስልቶ 1.75 ሴኮንድ አለ። ይህ ሴኮንድ የጊዜ ሳይሆን የማዕዘን ነው፤ አንዱ ዲግሪ ለ3600 ሲከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ ነው። በቀድሞው በኒውተን ሕግ የተሰላው ግን የዚህ ግማሽ፤ 0.87 ሴኮንድ ያህል ነበረ። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለመለየት በፀሐይ አጠገብ ያሉትን ከዋክብት ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚቻለው ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ በጋረደቻት ጊዜ ብቻ ነው። በ1919 ዓ.ም. ሜይ 29 ቀን፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም.፤ እንዲህ ያለ ግርዶሽ ስለ ነበረ ከእንግሊዝ ሁለት ጓዶች ተላኩ። አርተር ኤዲንግተንና ኤድዊን ኮቲንገም ከምዕራብ አፍሪካ ባሻገር ወዳለችው ወደ ፕሪንሲፔ ደሴት ሄዱ፤ ከግሪኒች የሰማይ መመልከቻ የመጡት አንድሩ ክሮመሊንና ቻርልስ ዴቪድሰን ደግሞ በብራዚል በሶብራል ከተማ በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ መሣሪያቸውን ተከሉ።

የሶብራሎቹ ሊቃውንት ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሩአቸው። ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉበት ትልቁ ሲሆን፤ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል፤ የሌንሱም አፍ በክዳን ተጠብቦ 20 ሴንቲሜትር ያህል ነበረ። ሁለተኛው እንደ መጠባበቂያ በትውስት የመጣ 10 ሴንቲሜትር ሌንስ ነበረ፤ ርዝመቱ ግን ወደ 6 ሜትር ይጠጋል፤ የተገጠመውም በአራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች በምድር ላይ ተጋድመው፤ የፀሐይን መንገድ እየተከተሉ የሚዞሩ መስተዋቶች ብርሃኑን ወደ ውስጣቸው ያስገቡላቸው ነበር። የትልቁም ፎከስ አስቀድሞ በሌሊት በከዋክብት ላይ ተስተካክሎ ተዘጋጀ።

የግርዶሹ ቀን ማለዳ ደመናማ ነበረ፤ በሰዓቱ ግን ፀሐይ ያለችበት ሰማይ ጠራ። ከአምስት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጠው ጨለማ ውስጥ ሊቃውንቱ የብርጭቆ ሰሌዳዎቻቸውን እየለዋወጡ ፎቶግራፍ አነሡ። በማግሥቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከትልቁ መሣሪያ አራቱን ሰሌዳዎች በመድኃኒት አጥበው ሲመለከቱ ልባቸው ተሰበረ፤ ከዋክብቱ ታትመዋል፤ ነገር ግን ፎከሱ ክፉኛ ተለውጦ መልካቸው ተበላሽቷል። የፎከሱን መለኪያ ቢያዩት ከተተወበት ምልክት አንዲት እንኳ አልተነቃነቀም። መሣሪያው ሳይነካ ፎከሱ ሸሽቷል ማለት ነው። እነርሱም ምክንያቱን ሲገምቱ፤ የፀሐይ ሙቀት ብርሃን አስገቢውን መስተዋት አለእኩል ስላሞቀውና ስለ ለጠጠው ነው አሉ። ሌሊት በብርድ የተስተካከለው በቀን በሙቀት ተዛነፈ።

በትልቁ መሣሪያ የተነሡት ሰሌዳዎች በተለኩ ጊዜ የሰጡት ቁጥር 0.93 ነበረ፤ ይኸውም ከኒውተን ጋራ የሚስማማ ነው። ትንሹ የእንጨት ሣጥን ግን ከ8 ሰሌዳዎች በ7ቱ ላይ ሰባት ከዋክብትን አጥርቶ አትሞ ነበርና 1.98 ሰጠ። የፕሪንሲፔው 1.61 ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን በሎንዶን በተደረገው የሊቃውንት ስብሰባ፤ የእንግሊዝ የንጉሡ የከዋክብት ሊቅ ፍራንክ ዳይሰን የአይንሽታይን ትምህርት እውነት ሆኖ መገኘቱን ሲያስታውቁ፤ የትልቁ መሣሪያ ሰሌዳዎች በፎከሳቸው መበላሸት ምክንያት እንዳይታመኑ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ «ደስ ያላላቸውን ቁጥር ጣሉት» ብለው የከሰሱአቸው ሰዎች አልታጡም። ነገር ግን በ1979 ዓ.ም. እነዚያው አሮጌ ሰሌዳዎች በአዲስ መለኪያ እንደ ገና ቢለኩ 1.55 ያህል ሆነው ተገኙ፤ ይህም ወደ አይንሽታይን ቁጥር የቀረበ ነው። ስለዚህ የዳይሰን ፍርድ ትክክል እንደ ነበረ እናምናለን።

አንባቢው ቀደም ብሎ ያስታወሰው ቁጥር እዚህ ላይ ይገባል። የትልቁ መሣሪያ ርዝመት ለአፉ ስፋት ሲካፈል 17 ያህል ነው፤ የትንሹ ግን 57 ያህል ይሆናል። በዚህ ብናሰላ የትልቁ የፎከስ ስፍራ ውፍረት ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ሲበልጥ፤ የትንሹ ግን ስድስት ሚሊሜትር ያህል ነው። እርግጥ ለትንሹ ብርሃን የሚያስገባለት ሌላ መስተዋት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም ሙቀት ጥቂት ቢያዛንፈው እንኳ ከማሰሪያው የማይወጣው የትኛው እንደ ሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። መጠባበቂያውን ይዞ መሄድ ያሰበ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ከዚህ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ የሆነውም የሙቀትን ነገር የሚያስረዳ ነው። በዚያ የተሠራው ቴሌስኮፕ በዘመኑ ከዓለም ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ መስተዋቱ 2.5 ሜትር ስፋትና ከ4 ቶን ያላነሰ ክብደት ነበረው። በ1917 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን፤ ማለትም ጥቅምት 22 ቀን 1910 ዓ.ም. ማታ፤ ሥራውን ያቋቋመው ጆርጅ ሄልና ባልደረባው ዋልተር አዳምስ፤ እንግዳቸው የነበረውም እንግሊዛዊ ባለ ቅኔ አልፍሬድ ኖይስ ባሉበት፤ መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጁፒተር ተመለሰ። ሄል ዓይኑን ቢያደርግ አንድ ጁፒተር ሳይሆን ስድስት ወይም ሰባት እላይ በላይ የተደራረቡ ምስሎች አየ። የብዙ ዓመት ድካምና ገንዘብ የጠፋ መሰለ። ኋላ ግን ከመካከላቸው አንዱ፤ ሠራተኞች ቀን ሲሠሩ ጣራውን ከፍተው ትተውት ፀሐይ መስተዋቱን አሙቃው እንዳይሆን ጠየቀ፤ ሆኖም ተገኘ። ይህን ያህል ክብደት ያለው ብርጭቆ በአንድ ሰዓት አይበርድም። ሄልና አዳምስ ለመተኛት ቢሄዱም እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ግድም ተመልሰው ተገናኙ፤ መሣሪያውንም ወደ አንድ ብሩህ ኮከብ ቢያዞሩት ኮከቡ አንዲት የጠራች ነጥብ ሆኖ ታየ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከመብረድ በቀር በመስተዋቱ ላይ የተደረገ ምንም ነገር አልነበረም።

በቤት ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያው ሥራ የሚጀምር መሣሪያ ፎከሱ አይጸናም፤ ስለዚህ ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፤ ወደ ውጭ ማውጣትና አፉን አቧራ እንዳይገባበት አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀን በፀሐይ የጋለ ሲሚንቶና የቆርቆሮ ጣራ ሙቀቱን ሌሊት ወደ ላይ ስለሚተፋ በዚያ አጠገብ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ሣር ያለበት ስፍራ ይሻላል። ከአሉሚኒየም የተሠራ የአንድ ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከሚሊሜትር ሺኛ እጅ 23 ያህል ያጥራል። የፎከሱ ስፍራ ውፍረት 50 ብቻ ከሆነ፤ ሁለት ዲግሪ መብረድ ስፍራውን ሁሉ ይጨርሰዋል ማለት ነው። በደጋ አገራችን በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ እጅግ ሲጠራ፤ ከቀትር በኋላ 20 ዲግሪ ያህል የነበረው አየር ከሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ማታ በ2 ሰዓት የተገኘ ፎከስ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል ብሎ የሚተኛ ሰው የሶብራልን ሰሌዳዎች ያስብ።

ፎከሱን እንዴት እንደሚያገኙት እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ በሌንስ ላይ የተጻፈውን የርቀት ምልክት አለማመን ነው፤ ያ ምልክት ለመንገድ ማሳያ ያህል ብቻ ይጠቅማል። ቴሌስኮፑን ወደ አንድ ብሩህ ኮከብ አዙሮ፤ የካሜራውን መስኮት እስከሚቻለው ድረስ አጉልቶ፤ ኮከቡ የምታንስበትን ስፍራ መፈለግ ነው። የሚያስቸግረው በዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በትክክለኛው ስፍራ ዙሪያ የኮከቡ ስፋት የሚለወጠው እጅግ በዝግታ ስለ ሆነ ዓይን መለየት አይችልም። ከዚህ ስፍራ ርቆ ግን ለውጡ ፈጣን ነው። ስለዚህ ብልኅ ሰው ትክክለኛውን ስፍራ በቀጥታ አይፈልግም። የማስተካከያው ማዞሪያ ላይ የወረቀት ምልክት ይለጥፋል፤ ወደ አንድ ወገን ኮከቡ በግልጽ እስኪሰፋ ያዞርና ስፋቱንና የምልክቱን ቁጥር በደብተር ይጽፋል፤ ከዚያም በሌላው ወገን ያው ስፋት እስኪገኝ ያዞራል፤ የሁለቱ ቁጥሮች እኩሌታ ፎከሱ ነው። ዛሬ በሞተር የሚሠሩት መሣሪያዎች የሚያደርጉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ኮከቦቹን በየስፍራው ለክተው ስፋታቸው የሚያንስበትን በስሌት ያገኙታል። እኛ ግን ልጆች በሞተር ከመጀመራቸው በፊት አንድ በጋ ሙሉ በእጃቸውና በደብተራቸው እንዲሠሩ እንመክራለን፤ ሞተሩ ያሳሳተ ዕለት የሚያውቁት እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው።

በማዞሪያው ጥርሶች መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ልልነት ስላለ፤ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ማዞሪያው ቢዞርም ካሜራው ጥቂት ሳይነቃነቅ ይቀራል። ስለዚህ ልኩን ስናገኝ ዘወትር ከአንድ ወገን መቅረብ ይገባል፤ ይልቁንም የካሜራውን ክብደት ወደ ላይ በሚያነሣው ወገን ቢሆን ልልነቱ ይጨመቃል።

ከዚህ ሌላ በዋጋ ከሁሉ የሚያንስ፤ በእኛም አስተያየት ለቤተ ሰብ ከሁሉ የሚሻል መንገድ አለ። ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለው ጀርመናዊ ካህን በ1619 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ የታየ ነገር ፎከሱ ሲሳት ሁለት ሆኖ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። ዮሐንስ ሃርትማንም በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በጀርመን የትልልቅ ሌንሶችን ጉድለት በቀዳዳ ሰሌዳ መረመረ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ፓቬል ባህቲኖቭ የተባለ ሩስያዊ፤ ሥራው ሳይሆን ፍቅሩ ከዋክብትን ማየት የነበረ ሰው፤ ቀዳዳውን ትቶ በሦስት አቅጣጫ የተቀደዱ ረጃጅም ስንጥቆች ያሉበት ክዳን አሰበ። ይህ ክዳን በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ሲደረግ ኮከቡ ሦስት የብርሃን ጨረሮች ያወጣል፤ ሁለቱ እንደ መስቀለኛ ይቆራረጣሉ፤ ሦስተኛው በመካከላቸው ያልፋል። ማዞሪያው ሲዞር መካከለኛው ጨረር ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ልክ በመስቀለኛው መገናኛ ላይ ሲያልፍ ፎከሱ ተገኘ። ልጅ እንኳ ሊፈርደው ይችላል። ክዳኑን ከጠንካራ ካርቶን በመቀስና በቢላ ቆርጦ መሥራት ስለሚቻል፤ ክረምት ሰማዩን በጋረደበት ወራት ለቤት ሥራ የሚሆን ነው። ሲጨርሱ ክዳኑን ማንሣት እንዳይረሳ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ረስቶት አንድ ሌሊት ሙሉ ጨረር ያላቸው ከዋክብት አንሥቷል።

ፎከሱ ከተገኘ በኋላ በመጀመሪያዎቹ የማታ ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አየሩ ሲረጋ በየሰዓቱ መመርመር ይገባል። አጠገቡ የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ሁለት ዲግሪ በወረደ ቁጥር ቢያየው ይበቃል። በእንጦጦ ተራራ በ3200 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በሰማይ ላይ የሚዞረውም ሃብል ሳይቀር፤ በ1990 ዓ.ም. ከተላከ በኋላ መስተዋቱ በዳር በኩል ከሚሊሜትር ሺኛ እጅ 2.2 ያህል ጠልቆ የተሳለ ሆኖ በመገኘቱ፤ በ1993 ዓ.ም. ዲሴምበር ሰዎች ወጥተው እርማት እስኪገጥሙለት ድረስ የደበዘዘ ምስል ይሰጥ ነበር። ከዚያም በኋላ አካሉ በምድር ሳለ የያዘውን እርጥበት በጠፈር እየተፋ ስላጠረ፤ ሁለተኛው መስተዋቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ በጥቂቱ እየተገፋ ፎከሱ እንዲመለስ ተደርጓል፤ በጠቅላላው ያጠረው ከሚሊሜትር አሥረኛ እጅ በላይ ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ ለማንሣት ለሚያስብ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን በላሊበላ ላይ ያለፈውን የቀለበት ግርዶሽ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፤ ማለትም በአውሮፓውያን ኦገስት 2 ቀን 2027፤ ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ የምትጋርድበት ጥላ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ በኩል ወደ ዓረቢያ ያልፋል። በአገራችን የሚታየው ከፊሉ ብቻ ሲሆን ወራቱም ክረምት ነው፤ በጅዳ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ጨለማው ስድስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ለፀሐይ የተሠራው ማጥቆሪያ ሳይደረግ ማንም በቴሌስኮፕ ፀሐይን አይመልከት፤ ካሜራም አያዙርባት፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ፎከሱን ማጥቆሪያው ተደርጎ በፀሐይ ዳር ወይም ነቁጥ ካለባት በነቁጡ ላይ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን በጠዋት የተገኘውን እስከ ግርዶሹ ሰዓት አለማመን ነው፤ መሣሪያውን በነጭ ጨርቅ አጥልሎ ማቆየት፤ ከዚያም ጨለማው ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፤ ፀሐይ እንደ ማጭድ ቀጥና ሳለች፤ በሹል ጫፏ ላይ ፎከሱን እንደ ገና ማየት ያስፈልጋል። ማጥቆሪያው የሚነሣው የመጨረሻዪቱ የብርሃን ጠብታ ስትጠፋ ነው፤ በሌላው ዳር የመጀመሪያዪቱ ብልጭታ ሳትወጣ ይመለሳል።